የሻርትሩዝ መነኮሳትና የመጠጣቸው ታሪክ

ፈረንሳይን አውራጃ በአውራጃ እየተዘዋወረ የሚጐበኝ መንገደኛ፣ ቀን አብያተ ክርስቲያናቱንና ግንቦቹን ሲመለከት ውሎ ማታ ወደ ማረፊያው ሲገባ፣ ከእራት በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብለት መጠጥ ከአገር ወደ አገር በተሻገረ ቍጥር የሚለወጥ መሆኑን ብዙ ሳይቈይ ይገነዘባል። በኖርማንዲ ከፖም የወጣውን ካልቫዶስ፣ በሻራንት ወንዝ ዳር ኮኛክን፣ በጋስኮኝ አርማኛክን፣ በኦቬርኝ ከተራራ ተክል ሥር የሚዘጋጀውን መራራውን የዣንሲያን መጠጥ፣ በለ ፑይ ከተማ ደግሞ የቬርቬን ሊኬርን ያቀርቡለታል፤ ወደ አልፕስ ተራሮች ሲወጣም የእኛ የአሪቲ ወገን የሆነው የዤኔፒ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን አረቄ ይቀምሳል። እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን መጠጥ እንደ ርስቱ ቈጥሮ ስለሚያከብረው፣ ስለ መጠጡ የጠየቀ እንግዳ ስለ አገሩም ታሪክ ሳይማር አይመለስም።

እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ መርጬ ልተርከው የወደድሁት፣ በዶፊኔ አውራጃ ከግሬኖብል ከተማ በስተ ሰሜን በሚገኙት የሻርትሩዝ ተራሮች መነኮሳት ስለሚሠሩት ሊኬር ነው። የሌላው መጠጥ ታሪክ ዞሮ ዞሮ የነጋዴና የገበያ ታሪክ ሲሆን፣ ይህኛው በአርምሞ የሚኖሩ የጸሎት ሰዎች ታሪክ ነውና መጠጡን ለማወቅ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ገዳሙን ማወቅ ይገባዋል። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ11ኛው መቶ ዓመት በኮሎኝ ከተማ የተወለደ ብሩኖ የሚባል ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው በሬምስ ካቴድራል ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን ሲያስተምር ኖሮ፣ ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ ኋላ ኡርባኖስ 2ኛ ተብሎ በሮም መንበር እስኪቀመጥ ድረስ ስሙ የገነነ መምህር ሲሆን፣ ክብሩንና ሹመቱን ንቆ ለምናኔ ተነሣ። በ1084 ዓ.ም. ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ወደ ግሬኖብል ጳጳስ ወደ ሁግ መጣ። ጳጳሱም አስቀድሞ ሰባት ከዋክብት በሕልሙ አይቶ ነበርና የመጡትን ሰባት ሰዎች በደስታ ተቀብሎ፣ ራሱ መንገድ እየመራ በሻርትሩዝ ተራሮች መካከል ክረምቱ የከበደ፣ በረዶው የበዛ፣ ሰው ሊደርስበት የሚቸገርበትን ጠባብ ሸለቆ አሳያቸው ይባላል። ብሩኖ በዚያ የቈየው ስድስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ የቀድሞ ተማሪው ጳጳስ ሆኖ ወደ ሮም ስለ ጠራው በትእዛዝ ወረደ፤ ከዚያም በካላብሪያ ሌላ በኣት መሥርቶ በ1101 ዐረፈ።

ባልንጀሮቹ ግን ሥርዐቱን አጸኑት። በ1132 ከተራራው የተናደ በረዶ የመጀመሪያውን ገዳም አፍርሶ ከመነኮሳቱም ሕይወት ስለ ቀጠፈ፣ የገዳሙ አለቃ ጊግ ማኅበሩን ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው፣ እስከ ዛሬም ገዳሙ ወዳለበት ስፍራ አዛወረው። ብዙ ጊዜ እሳት በልቶት እንደ ገና ታንጿል፤ ዛሬ የምናያቸው ሰፋፊ ሕንጻዎች ከ1676ቱ ቃጠሎ በኋላ የተሠሩ ናቸው።

የሥርዐታቸው ልዩ መሆን የማኅበርን ኑሮና የባሕታዊን ኑሮ በአንድ ቅጥር ውስጥ ማስማማቱ ነው። እያንዳንዱ አባት ለብቻው ትንሽ ቤት አለው፤ ከገዳሙ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ላ ኮሬሪ በሚባለው ስፍራ ባለው ሙዚየም የዚህ ቤት አምሳያ ተሠርቶ ይታያል። ከታች የእንጨት መሥሪያ ክፍልና በግንብ የታጠረ ጠባብ የአትክልት ቦታ፣ ከላይ የጸሎት፣ የንባብና የመኝታ ክፍል ሲኖረው፣ በበሩ አጠገብ በግድግዳው ውስጥ ምግብ የሚቀበሉባት ትንሽ መስኮት አለች፤ ምግቡን የሚያመጣው ረድእ ከውጭ ያኖራል፣ መነኩሴው ከውስጥ ይወስዳል፣ ቃልም አይለዋወጡም። ሥጋ አይበሉም። እኩለ ሌሊት ላይ ደወል ሲደወል ከየበኣታቸው ወጥተው ለሰዓታት ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አብረው ወደ ጫካው ወጥተው እየተራመዱ ይነጋገራሉ። በኣቱንና አርምሞውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ኑሮ እንግዳ አይሆንበትም። ከአባቶቹ ጋር ደግሞ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ረድኦች አሉ፤ የመጠጡ ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ ረድኦች ታሪክ ነው። ገዳሙ ለእንግዳ የሚከፈት ስላልሆነ በመካከለኛው ዘመን የሚተዳደረው በከብት፣ በደን፣ እንዲሁም በተራራው ከሚወጣው የብረት ማዕድን ነበር።

በ1605 ዓ.ም. ዛሬ በፓሪስ የሉክሰምቡርግ መናፈሻ በሚገኝበት አካባቢ በነበረው የቮቬር ገዳም ላሉት የሻርትሩዝ መነኮሳት፣ ፍራንሷ አኒባል ዴስትሬ የሚባል መኰንን አንድ የእጅ ጽሑፍ ሰጣቸው። ጽሑፉ የረጅም ዕድሜ ኤሊክሲር የሚባለውን መድኃኒት አሠራር የሚገልጽ ሲሆን፣ በውስጡ የተዘረዘሩት ዕፀዋት ብዛትና የአቀማመሙ ውስብስብነት አንባቢውን የሚያስጨንቅ ነበር። በዚያ ዘመን አረቄ ማውጣት ከመጠጥ ሙያ ይልቅ የመድኃኒት ቀማሚ ሙያ ነበረ፤ በየገዳሙም ሕሙማንን የሚረዳ፣ ቅጠልና ሥር የሚለይ አንድ ረድእ አይጠፋም ነበርና ስጦታው ወደ መነኮሳት መሄዱ አያስደንቅም። የፓሪሶቹ አባቶች ከጽሑፉ ጥቂቱን ብቻ በሥራ ላይ እያዋሉ ከመቶ ዓመት በላይ አኖሩት።

በ1737 ጽሑፉ ወደ እናቲቱ ገዳም ወደ ታላቁ ሻርትሩዝ ተላከ። የገዳሙ መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ረድእ ዤሮም ሞቤክ ምሥጢሩን ሊፈታ ተነሥቶ ብዙ ዘመን ደከመበት፤ እርሱ የጀመረውንም ተከታዮቹ ቀጥለው በ1764 የኤሊክሲሩን አቀማመም አጸኑት። መቶ ሠላሳ ያህል ዕፀዋት የሚገቡበት ይህ መድኃኒት የአልኮሉ ኀይል ከመቶ 69 ነውና እንደ ሌላ መጠጥ የሚጠጣ አይደለም፤ በስኳር ላይ ጥቂት ጠብታ አኑሮ ይላሱታል። እስከ ዛሬም ከብርሃን እንዲጠብቀው ከእንጨት በተላገ ማኅደር ውስጥ በገባች ትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ የመድኃኒትነቱ ትዝታ በዚህች ማኅደር ተጠብቆ ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ገበያው ጠባብ ነበር፤ ሻርል የሚባል ረድእ በበቅሎ ጭኖ ወደ ግሬኖብልና ወደ ሻምቤሪ ወርዶ ይሸጥ እንደ ነበር ይተረካል። በዚያ ገደላ ገደል ክረምቱ በበረታ ጊዜ ከበቅሎው ጋር መውረድና መውጣት ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ፣ ዛሬም ከሳን ሎራን ዱ ፖን ወደ ላይ የሚወጣውን የገደል መንገድ ያየ ሰው ይረዳዋል።

ከዚህ በኋላ የፈረንሳይ አብዮት መጣ። በ1790 ገዳማት በሕግ ተሽረው ጥቂት ዓመት ሳይቈይ የሻርትሩዝ መነኮሳት ተበተኑ፤ ያች ብራናም ከእነርሱ ጋር ወደ ስደት ሄደች። መነኮሳቱ ለጥንቃቄ አንድ ግልባጭ አዘጋጅተው ነበርና፣ በገዳሙ እንዲቀር የተፈቀደለት አንድ አባት ግልባጩን ይዞ ሲቀር፣ ዋናውን የያዘው ሌላው በመንገድ ተይዞ በቦርዶ ታሰረ። ይሁን እንጂ አሳሪዎቹ አልፈተሹትም፤ እርሱም ከወህኒ ሆኖ ጽሑፉን በስውር ለአንድ ወዳጁ አሳልፎ ሰጠ። ያም ወዳጅ ዶም ባዚል ናንታስ ለተባለው ለማኅበሩ አባል አደረሰው። ዶም ባዚል ግን ማኅበሩ ዳግመኛ ይሰበሰባል የሚለውን ተስፋ ፈጽሞ ስለ ቈረጠ፣ ጽሑፉን ሊዮታር ለሚባል የግሬኖብል መድኃኒት ሻጭ ሸጠው። በዚያ ዘመን የነበረውን መከራ ያስተዋለ ሰው በዶም ባዚል ላይ አይፈርድበትም፤ ንጉሥ በተሠየፈበት፣ ካህናት በተሳደዱበት አገር የአንድ ሸለቆ ገዳም ዳግመኛ ይከፈታል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ሊዮታር መጠጡን አልሠራውም። በ1810 ናፖሌዎን ምሥጢራዊ መድኃኒቶች ሁሉ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር እንዲቀርቡ ባዘዘ ጊዜ ሊዮታርም ሕጉን አክብሮ ጽሑፉን ላከ፤ መርማሪዎቹ ግን ውድቅ መሆኑን ጽፈውበት መለሱለት። መንግሥት በዚያ ቀን ብራናውን ቢቀበለው ኖሮ የሻርትሩዝ መጠጥ ታሪክ እዚያው ባበቃ ነበር፤ ያልተፈለገ መሆኑ ግን አዳነው። መነኮሳቱ በ1816 ወደ ፈረሰው ገዳማቸው ተመለሱ፤ ሊዮታርም ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ጽሑፉን ለባለቤቶቹ መለሱላቸው። መመለሳቸውን ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ አደንቀዋለሁ።

ገዳሙ ግን ድሀ ሆኖ ነበረ። ደኑን መንግሥት ወስዶበታል፤ ሕንጻው ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህም ቀድሞ የሕሙማን መድኃኒት የነበረው ነገር የገዳሙ መተዳደሪያ ሆነ። በ1840 ገደማ ብሩኖ ዣኬ የሚባለው ረድእ ኤሊክሲሩን አለዝቦ፣ የአልኮሉ ኀይል ከመቶ 55 የሆነውን አረንጓዴውን ሊኬርና ከእርሱም የሚለሰልሰውን፣ ዛሬ ከመቶ 43 የሆነውን ቢጫውን አጸና። የአረንጓዴው ቀለም ሰው የጨመረበት ቀለም ሳይሆን ከዕፀዋቱ የሚገኝ ነው። አረንጓዴው በብርጭቆ ሲቀዳ ገና ከአፍ ሳይደርስ ሽታው የተራራ ሣር፣ የናና፣ የደረቀ ቅጠልና የቅመም ነው፤ ከአፍ ሲደርስ መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ የሚያቃጥል፣ በመጨረሻም መራራነቱ ለብዙ ጊዜ በምላስ ላይ የሚቈይ ሲሆን፣ አንዱን ቅጠል ለይቼ ዐወቅሁት ሲሉ ሌላው ይቀድማል። ቢጫው ማር ማር ይላል፤ ለእንግዳ የሚመች እርሱ ቢሆንም፣ የመነኮሳቱን ድካም የሚገልጸው አረንጓዴው ይመስለኛል።

በ1848 የአልፕስ ጦር መኰንኖች ወደ ገዳሙ መጥተው ሊኬሩን ስለ ቀመሱ፣ በየሄዱበት ሁሉ ስሙን አወሩለት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ፍላጎቱ ስለ በዛ የአረቄ ማውጣቱ ሥራ ከገዳሙ ወጥቶ በ1860 ወደ ፉርቯሪ ሸለቆ ተዛወረ፤ አስመሳይ መጠጦችም በየገበያው ስለ ፈሉ የገዳሙ መጋቢ የሉዊ ጋርኒዬ ፊርማ የእውነተኛው ምልክት ሆኖ በጠርሙሱ ላይ ታተመ። የሚገኘው ገንዘብ ብዙ ነበር፤ መነኮሳቱ ግን ኑሯቸውን ሳይለውጡ በአካባቢው መንደሮች አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠሩበት።

ይህ ሀብት ጠላትም አፈራ። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የፈረንሳይ መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን ጋር በብርቱ ሲጣላ፣ የ1901 ሕግ እያንዳንዱ የመነኮሳት ማኅበር ከምክር ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገ፤ ምክር ቤቱም በ1903 የሻርትሩዝን ማመልከቻ ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 29 ቀን ሊነጋጋ ሲል ወታደሮች ወደ ገዳሙ ወጡ። የመንደሩ ሰዎች ሌሊቱን መንገዱን ሞልተው ነበር። በሩ ተሰበረ፤ መነኮሳቱም በቤተ ክርስቲያን ሲጸልዩ ተገኝተው ተባረሩ፤ ማኅበሩ በጣሊያን ሉካ አጠገብ ወዳለው ወደ ፋርኔታ ሲሰደድ፣ አረቄ አውጪዎቹ በእስፓኝ አገር በታራጎና ከተማ ሥራቸውን ጀመሩ።

መንግሥት ንብረቱን ሁሉ፣ የሻርትሩዝን ስም ጭምር ወርሶ ኩዜንዬ ለሚባሉ ነጋዴዎች ሸጠው። ሕንጻውንና ምልክቱን መግዛት የቻሉት ሰዎች ግን አቀማመሙን ሊገዙ አልቻሉም፤ እርሱ በመነኮሳቱ ልብና በእጃቸው በያዙት ጽሑፍ ነበረና። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት መጠጥ ቆመ፤ አንዱ ስሙን ይዞ ምሥጢሩ የጐደለው፣ ሁለተኛው ምሥጢሩን ይዞ በስደት ላይ ያለው። ፈረንሳውያን ጠጪዎች እውነተኛውን ሲሹ «ታራጎን ስጡኝ» ይሉ ነበር። ክርክሩ ከአገር ወጥቶ በውጭ ፍርድ ቤቶችም ታየ፤ በ1910 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የፈረንሳይ መንግሥት ውርስ ከአገሩ ወሰን ውጭ ያለውን ስም ሊነጥቅ አይችልም በማለት ለመነኮሳቱ ፈረዱላቸው።

ሰው በጕልበት የወሰደውን ሙያ እንደ ባለቤቱ አድርጎ ሊሠራው አይችልም። ስሙን የያዘው ኩባንያ በ1929 ከሰረ፤ አክሲዮኑም ዋጋ ባጣ ጊዜ የቯሮን ከተማ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዝተው ለመነኮሳቱ በስጦታ ላኩላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤትና በገበያ የተካሄደውን ሙግት የጎረቤት ልግስና ፈጸመው። ሊኬሩ ወደ ፉርቯሪ ተመለሰ፤ ነገር ግን በ1935 ከተራራው የተናደ መሬት የአረቄ ቤቱን ስላወደመው፣ ሥራው አስቀድሞ የመጠጥ ጓዳ ወደነበረበት ወደ ቯሮን ከተማ ወረደ። ጓዳው 164 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በትላልቅ የባሉጥ በርሜሎች የተሞላ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቅዝቃዜውንና ከእንጨቱ የሚወጣውን የዕፀዋት ሽታ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። መነኮሳቱም ዓለም በጦርነት ስትታመስ በ1940 ወደ ገዳማቸው ተመለሱ፤ የታራጎናው አረቄ ቤት ግን እስከ 1989 ድረስ ይሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥርዐቱ ብዙም አልተለወጠም። የደረቁት ዕፀዋት በገዳሙ ውስጥ ምሥጢሩን በሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት መነኮሳት ተመርጠውና ተመዝነው ወደ ከረጢት ከገቡ በኋላ፣ ወደ አረቄው ቤት የሚወርዱት ይዘታቸው ሳይገለጽ ነው፤ በዚያም በአልኮል ተዘፍዝፈው፣ ተንጥረው፣ ስኳር ተጨምሮባቸው በባሉጥ በርሜል ለዓመታት ይቈያሉ። ሠራተኞቹ መሸጡንና ማሸጉን ያውቃሉ እንጂ ምን እንደሚገባበት አያውቁም። ብዙ አልኮል በከተማ መካከል ማኖር አደገኛ መሆኑ ስለ ተወሰነ፣ በ2018 አዲሱ አረቄ ቤት ከተራራው ግርጌ በኤግኗር ተከፈተ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ ቁንጮ ነው። በዓለም ያሉ የመጠጥ ቤቶች ሁሉ አረንጓዴውን ሊኬር ሲሻሙ፣ ማንኛውም ነጋዴ በርሜል ለማብዛት በሚቻኰልበት ጊዜ፣ መነኮሳቱ በ2021 ሥራውን ላለማስፋት ወሰኑ፤ በ2023 መጀመሪያም ለነጋዴዎቻቸው በጻፉት ደብዳቤ የብሕትውናና የጸሎት ኑሯቸውን ለመጠበቅ ሲሉ መጠኑን እንደሚገድቡ አስታወቁ። እጥረቱ በየአገሩ ዋጋውን አንሮታል፤ ደምበኞችም አጕረምርመዋል። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ፤ መጠጡ ገዳሙን ሊያኖር ተሠራ እንጂ ገዳሙ መጠጡን ሊያገለግል አልተመሠረተም፤ አብዮትን፣ ስደትንና የመሬትን መናድ ያለፉትም ይህን ቅደም ተከተል ስላላፋለሱት ነው።

እንግዲህ ወደዚያ አገር የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ ከግሬኖብል በባቡር ወደ ቯሮን ደርሰህ ጓዳውን ጐብኝ፤ ሊኬሩንም በትንሽ ብርጭቆ፣ ሳትቸኵል ቅመስ። ከዚያም ወደ ላ ኮሬሪ ወጥተህ ሙዚየሙን እይ። ከዚያ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መንገድ በእግርህ ልትሄድበት ትችላለህ፤ በዚያ ግን ድምፅ እንዳይሰማ ታግዷልና ጓደኞችህን ዝም አስብላቸው፤ በሩንም አታንኳኳ።